በጠመኔ የጀመረው ሠዓሊ፤ የኪት ሄሪንግ አጭር የሕይወት ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ የማንን ታሪክ እንምረጥ በማለት ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን ስለ ነገሥታት እንጻፍ ያሉ ነበሩ፤ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ሳይንስ ሊቃውንት እንጻፍ ያሉም አልጠፉም። በመጨረሻ ግን የሁላችንም ሐሳብ በአንድ ሠዓሊ ላይ ዐረፈ። ይህ ሰው አገር አልገዛም፤ ጦር አልመራም፤ አዲስ መኪናም አልፈለሰፈም። ዝናን ያተረፈበት መሣሪያ እኛ በየቀኑ በክፍላችን የምናየው ጠመኔ ነበር። ስሙ ኪት ሄሪንግ ይባላል፤ ትውልዱም በአሜሪካ ነው።

እኛ የድሬዳዋ ልጆች ይህን ሰው ለመምረጥ ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛው ባቡር ነው። ከተማችን የባቡር ልጅ መሆኗን የማያውቅ የለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ፥ ዛሬ ለገሐርም ከዚራም የሚባል ሰፈር ባልኖረ ነበር። ኪት ሄሪንግንም ከተማው ሁሉ ያወቀው በባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ምክንያት፥ በ1977 ዓ.ም. አገራችን በድርቅና በረኀብ በተጎዳች ጊዜ፥ በሩቅ አገር ሆነው ለመርዳት ከተነሡት ሰዎች መካከል እርሱም አንዱ መሆኑ ነው። ይህን በቦታው እንተርካለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ብለን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲረዱልን እናሳስባለን።

ኪት ሄሪንግ የተወለደው በሜይ 4 ቀን 1958፥ ማለት በእኛ ሚያዝያ 26 ቀን 1950 ዓ.ም.፥ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ሬዲንግ በተባለ ከተማ ነው። ያደገው ግን በአቅራቢያዋ በምትገኘው በኩትስታውን ነው። ለወላጆቹ የበኵር ልጅ ሲሆን ሦስት ታናናሽ እኅቶች ነበሩት። አባቱ በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ግን የካርቱን ሥዕል መሣል ይወዱ ነበርና፥ ልጃቸው ገና እርሳስ መያዝ ሲጀምር አጠገባቸው እያስቀመጡ የካርቱን አሣሣል ያስተምሩት ነበር። ሕፃኑ በዚያ ዘመን የአሜሪካን ልጆች ሁሉ ያሥቁ የነበሩትን የዋልት ዲዝኒን፥ የዶክተር ሱስንና የቻርልስ ሹልዝን ሥዕሎች እያየ፥ እነርሱን እየቀዳ፥ በኋላም ከራሱ እየፈጠረ አደገ።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ከእኛም መካከል በሒሳብ ደብተር ጠርዝ ላይ ውሻና ድመት፥ ባለ ትልቅ ጭንቅላት ሰውና ክንፍ ያለው አህያ የሚሥሉ ብዙዎች ናቸው። ደብተሩ በተገለጠ ጊዜ የሚከተለውን ቍጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የኪት አባት ግን እርሳሱን አልነጠቁትም፤ ይልቁንም ራሳቸው እርሳስ አንሥተው አብረውት ተቀመጡ። ትምህርቱን ትቶ እንዲሥል አላበረታቱትም፤ ሥዕሉንም እንደ ኃጢአት አልቈጠሩበትም። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታወቀው ያ መስመር መጀመሪያ የተሠመረው በአባትና በልጅ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ኪት በ1976 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ። ሠዓሊ እሆናለሁ በማለቱ ወላጆቹ እንጀራው አሳሰባቸው፤ ስለዚህም ለንግድ ማስታወቂያ የሚሆን ሥዕል ቢማር ኑሮውን ይችላል ብለው መከሩት። ምክራቸውን ተቀብሎ በፒትስበርግ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የንግድ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። ይሁን እንጂ አንድ ዓመት ያህል እንደ ተማረ፥ በሌላ ሰው ትእዛዝ የሳሙናና የጫማ ማስታወቂያ እየሣለ መኖር ልቡ የማይፈቅደው ነገር መሆኑን ተረዳና ትምህርቱን ተወ። ትምህርቱን ተወ ማለታችን ግን መማሩን ተወ ማለታችን አይደለም። በፒትስበርግ ቈይቶ እየሠራ፥ መጻሕፍት እያነበበ፥ የሥዕል ትርኢቶችን እያየ ራሱን አስተማረ። በ1977 የቤልጅጉን ሠዓሊ የፒየር አሌሺንስኪን ሥራዎች ባየ ጊዜ፥ እርሱ በትንንሽ ወረቀት ላይ የሚሞክረውን ዐይነት ነጻ መስመር አንድ ትልቅ ሰው በሰፊው ሠርቶት በማግኘቱ እጅግ ተደፋፈረ። በሚከተለው ዓመት ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ በዚያው ከተማ የራሱን ትርኢት አሳየ።

በዚያው በ1978 ወደ ኒውዮርክ ሄዶ የእይታ ጥበባት ትምህርት ቤት በሚባለው ኮሌጅ ገባ። እዚያም እንደ ኬኒ ሻርፍና እንደ ዣን ሚሼል ባስኪያ ካሉ በኋላ ስማቸው ከገነነ ወጣት ሠዓልያን ጋር ተወዳጀ። በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ወጣቶች የባቡሩንና የሕንፃውን ግድግዳ በቀለም መርጫ ይጽፉበትና ይሥሉበት ነበር። ኪት ሥዕል ከሙዚየም ውጭ፥ መንገደኛ በሚያልፍበት ቦታ ሊኖር እንደሚችል ከእነርሱ ተረዳ።

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት ፖፕ አርት ስለሚባለው የሥዕል ዘዴ ጥቂት መናገር ይገባናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝና በአሜሪካ አንዳንድ ሠዓልያን፥ ሥዕል ስለ ቅዱሳን፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ተራራ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሰው በየቀኑ የሚያየው የሱቅ ዕቃ፥ ማስታወቂያና የቀልድ መጽሔትም የሥዕል ርእስ ሊሆን ይገባል ብለው ተነሡ። ከነዚህም አንዱ አንዲ ዋርሆል በ1962 የሾርባ ቆርቆሮዎችን በረድፍ ሥሎ አሳየ። ሁለተኛው ሮይ ሊክተንስታይን በ1961 ሚኪ ማውስንና ዶናልድ ዳክን በትልቅ ሸራ ላይ ሣለ፤ ቀጥሎም ከቀልድ መጽሔት የተወሰዱ የሚያለቅሱና የሚናፍቁ ሴቶችን፥ በማተሚያ ቤት ነጠብጣብ የተሞሉ አድርጎ አቀረበ። ብዙ ሰዎች ይህ ሥዕል አይደለም ብለው ተቈጡ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች አንድ ታላቅ በር ከፈቱ፤ ልጅ የሚሥቅበት የካርቱን ሥዕል የትልቅ ሰውን ኀዘንና ደስታ ሊሸከም እንደሚችል አሳዩ። ኪት ሄሪንግ ከሃያ ዓመት በኋላ የገባው በዚህ በር ነው። እነርሱ ግን በአብዛኛው ካርቱኑን ከመንገድ ወስደው ወደ ሙዚየም አገቡት፤ እርሱ ከሙዚየም አውጥቶ ወደ መንገድ መለሰው።

ይህም የሆነው እንዲህ ነው። በኒውዮርክ ከተማ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር አለ። በየጣቢያው ግድግዳ ላይ የንግድ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸው ሰፋፊ ሰሌዳዎች አሉ። የአንድ ማስታወቂያ ኪራይ ሲያልቅ፥ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ሰሌዳውን በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑት ነበር። በ1980 ኪት ባቡር ሲጠብቅ ከነዚህ ባዶ ጥቁር ወረቀቶች አንዱን አየ። ወዲያው ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ጠመኔ ገዛና ተመልሶ ሣለበት። እኛ ተማሪዎች ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን፤ ጥቁር ሰሌዳና ነጭ ጠመኔ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል! መምህራችን ከክፍል ሲወጡ ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ያልሣለ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ ለአምስት ዓመታት በየጣቢያው እየዞረ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሥዕሎችን ሣለ። አንዳንድ ቀን እስከ አርባ ይደርስ ነበር። ፖሊስ ሳይመጣና ባቡር ሳይደርስ መጨረስ ስለ ነበረበት፥ አንድ መስመር ከጀመረ ማቆም፥ ማጥፋትና ማረም የለም። ጠመኔው ወረቀቱን ከነካ በኋላ ሥዕሉ እስኪፈጸም እጁ አይነሣም ነበር ማለት ይቻላል። ሠራተኛው፥ ተማሪው፥ እናት ከነልጇ ቆመው ያዩት ነበር፤ ምን ማለት ነው ብለውም ይጠይቁት ነበር። እንዲህ ያለ ጠያቂ በሥዕል አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ፖሊሶች ብዙ ጊዜ ይዘውታል፤ መቀጮም ከፍሏል። ለሥዕሎቹ ግን አንድ ሳንቲም አልተቀበለም፤ ስሙንም አልጻፈባቸውም።

እንግዲህ ሥዕሎቹ ምን ይመስሉ እንደ ነበር እንናገር። የኪት ሄሪንግ ሰዎች ዐይን፥ አፍንጫና አፍ የላቸውም። በወፍራም መስመር የተከበቡ፥ ክብ ራስና ክብ እጅ እግር ያላቸው ናቸው። ጥቁር ናቸው፥ ነጭ ናቸው፥ ወንድ ናቸው፥ ሴት ናቸው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ደስ ያለው፥ የፈራው፥ የወደደውና ያዘነው ወዲያው ይለያል። ፊት የሌለው ሰው ስሜቱን በምን ይገልጻል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰውነቱ ነው፤ እጁን ወደ ላይ ከዘረጋ፥ ወገቡን ካጠፈ፥ ጉልበቱን ከሰበሰበ፥ ልቡን እናውቃለን። ሁለተኛው በዙሪያው የሚሠመሩት አጫጭር ጨረሮች ናቸው፤ ሰውየው የሚዘል፥ የሚንቀጠቀጥ፥ የሚያበራ የሚመስለው በነርሱ ነው። እየዳኸ ጨረር የሚረጨው ሕፃን፥ አፉን ከፍቶ የሚጮኸው ውሻ፥ ልብ ከራሳቸው በላይ አንሥተው የሚጨፍሩት ጥንዶች የታወቁ ምልክቶቹ ሆኑ። ሥዕሎቹ ሁሉ ግን የጨዋታ አልነበሩም። በ1980 መጨረሻ ዘፋኙ ጆን ሌነን በኒውዮርክ በጥይት ሲገደል፥ ኪት ሆዱ የተበሳ ሰው ሣለ። ከዚያ ወዲህ ያ በሆዱ ላይ ቀዳዳ ያለው ሰው በብዙ ሥራዎቹ ውስጥ እየተመላለሰ ይታያል።

ይህ አሣሣል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ከጥንት ጀምሮ ምስሉን በወፍራም ጥቁር መስመር እየከበቡ፥ ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም ይሞሉበታል፤ ጻድቁን በሁለት ዐይኑ፥ ክፉውን በጎን ፊቱ በአንድ ዐይኑ በመሣል ልቡን ያስታውቁናል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በአርባ አራት ክፍል ከፋፍለው የሚሥሉትም አሉ፤ ይህ ከቀልድ መጽሔት አቀራረብ በምን ይለያል? ወደ ከተማችን አካባቢ ስንመለስም፥ ለገ ኦዳ በሚባለው የዋሻ ጥላ ሥር የጥንት ሰዎች በአለት ላይ የሣሏቸው ከብቶችና ሰዎች አሉ። እነዚያም ሰዎች ፊት የላቸውም፤ በጥቂት መስመር የቆሙ ናቸው፤ ሥዕሉም በግድግዳ ላይ ነበርና ለሚያልፍ ለሚያገድም እረኛ ሁሉ ይታይ ነበር። ኪት ሄሪንግ ለገ ኦዳን አየ ማለታችን አይደለም። ሰው ልቡን በጥቂት መስመር ለመግለጽ የተነሣው ዛሬ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

በ1982 ኪት በቶኒ ሻፍራዚ የሥዕል አዳራሽ ትልቅ ትርኢት አሳየ፤ ስሙም ከአሜሪካ አልፎ በአውሮፓና በጃፓን ተሰማ። ሥዕሎቹ በውድ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። ነገር ግን ዝናው አንድ ያላሰበውን ችግር አመጣበት። ሰዎች በጣቢያ የሣላቸውን የጠመኔ ሥዕሎች ከግድግዳ እየገነጠሉ ወስደው መሸጥ ጀመሩ። ለመንገደኛ ሁሉ የሰጠው ስጦታ በጥቂት ሰዎች ቤት ተቈለፈ። በዚህ ምክንያት በ1985 በጣቢያ መሣሉን ተወ። እንግዲህ ከፊቱ የቀረበው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሥዕል ውድ ሲሆን ድኻው ከምን ያገኘዋል?

መልሱን በኅትመት አገኘው። በከተማችን በካናቴራ ላይ ጽሑፍና ዓርማ የሚያትሙ ሰዎችን ያየ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። ስስ ጨርቅ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፤ ቀለም እንዳያልፍበት የሚፈለገው ቦታ ይደፈናል፤ ከዚያም ቀለሙ ባልተደፈነው በኩል በጎማ መግፊያ እየተጫነ በወረቀቱ ወይም በጨርቁ ላይ ያርፋል። ለያንዳንዱ ቀለም አንድ ክፈፍ ያስፈልጋል። ወፍራም መስመርና ጥቂት ደማቅ ቀለም ላለው ለኪት ሥዕል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም። አንዱ ሥዕል መቶ፥ ሺህ፥ ዐሥር ሺህ ሊሆን ይችላል። በጁን 12 ቀን 1982 በኒውዮርክ የኑክሌር መሣሪያን ለመቃወም ታላቅ ሰልፍ በተደረገ ጊዜ፥ ኪት 20,000 ፖስተር በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በነጻ አደለ። በ1985 ደግሞ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ የሚቃወም ፖስተር ሠራ። በዚህ ሥዕል ግዙፉ ጥቁር ሰው አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ የሚጎትተውን ትንሽ ነጭ ሰው በእግሩ ሲረግጠው ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ነገሩን ይረዳዋል።

በ1986 አንዲ ማውስ የተባሉትን አራት የኅትመት ሥዕሎች አወጣ። ወዳጁን አንዲ ዋርሆልን በሚኪ ማውስ አካል ሥሎት ነበር፤ ታላቁ ሠዓሊም ቀልዱን በደስታ ተቀብሎ ከኪት ጋር ፈረመባቸው። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ፖፕ ሾፕ የተባለ ሱቅ በኒውዮርክ ከፈተ። እዚያ የእርሱ ሥዕል ያለባቸው ካናቴራዎች፥ ፖስተሮች፥ መጫወቻዎችና የደረት ዓርማዎች በርካሽ ይሸጡ ነበር። ብዙ የሥዕል ዐዋቂዎች ሙያውን ወደ ሱቅ ንግድ አወረደው ብለው ነቀፉት። እኛ ይህን ነቀፋ አንስተን ብዙ ተነጋግረናል፤ ከመካከላችንም ነቃፊዎቹን የደገፉ አሉ። አብዛኞቻችን ግን፥ በኪሱ ጥቂት ሳንቲም ያለው ልጅ ሊገዛው የሚችል ሥዕል መሥራት ሙያን ማዋረድ አይመስለንም። ሱቁም እስከ 2005 ድረስ ቈይቷል።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፥ በትግራይና በሌሎችም አውራጃዎች የደረሰውን ረኀብ ወላጆቻችን ዛሬም በኀዘን ያስታውሱታል። ያን ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ ዘፋኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ ከተሞች በአንድ ቀን ላይቭ ኤድ የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት አደረጉ። ፊላዴልፊያ በኪት የትውልድ ግዛት በፔንሲልቬኒያ የምትገኝ ከተማ ናት። ኪት ለዚህ ትርኢት ሥዕል ሠራ፤ በዚያው ጊዜም አንድ አውቶሞቢል ላይ ሥሎ፥ በጨረታ እንዲሸጥና ገንዘቡ ለአፍሪካ ረኀብተኞች እንዲውል አደረገ። ዕድሜው ያን ጊዜ 27 ዓመት ነበር። ሥዕል እንጀራ እንደማይሆን እናውቃለን፤ የአንድ ሠዓሊ ብሩሽም ያን ሁሉ ሞት አላስቀረም። ቢሆንም አገራችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው ባለው ሙያ ለወገኖቻችን ማሰቡን መርሳት ውለታ ቢስነት ነው።

ኪት ከልጆች ጋር መሥራትን ከሁሉ አብልጦ ይወድ ነበር። በ1986 የነጻነት ሐውልት የመቶኛ ዓመት በዓል ሲከበር፥ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ የኒውዮርክ ወጣቶች ጋር ሆኖ እንደ ሕንፃ ረጅም የሆነ ሥዕል ሠራ፤ እርሱ መስመሩን አሠመረ፥ ልጆቹ በውስጡ የልባቸውን ሞሉበት። በ1987 በፓሪስ ኔከር በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ግድግዳ ላይ፥ የታመሙ ልጆች በመስኮት አይተው እንዲደሰቱ ብሎ ታላቅ ሥዕል ሣለ። በ1986 ደግሞ ከረዳቶቹ አንዱ ክራክ በተባለ አደንዛዥ ዕፅ ሲጎዳ አይቶ፥ በሃርለም አጠገብ በሚገኝ የኳስ መጫወቻ ግድግዳ ላይ ሳያስፈቅድ ዕፁን የሚያወግዝ ሥዕል ሠራ። ለዚህም ተከሶ መቀጮ ከፈለ፤ ሕዝቡ ግን ሥዕሉን ስለ ወደደው በኋላ በፈቃድ እንደገና ሣለው፤ ቦታውም እስከ ዛሬ በዚሁ ሥዕል ይታወቃል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የበርሊንን ከተማ ለሁለት በከፈለው ግንብ ላይ፥ እጅ ለእጅና እግር ለእግር የተያያዙ ሰዎችን በጀርመን ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች፥ በጥቁር፥ በቀይና በቢጫ ሣለ። ሌሎች ብዙም ሳይቈዩ በላዩ ሣሉበት፤ ግንቡ ራሱም በኖቬምበር 1989 ፈረሰ። ኪት ይህን ለማየት በቅቷል።

ለማየት በቅቷል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1988 ኪት የኤድስ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ያን ጊዜ ለዚህ ሕመም ዛሬ ያለው መድኃኒት አልነበረም። ብዙ ሰዎች ሕመማቸውን ደብቀው፥ ከጎረቤትና ከዘመድ ተለይተው፥ በኀፍረት ይሞቱ ነበር፤ ይህ በእኛም አገር የደረሰ ስለሆነ ማብራራት አያሻውም። ኪት ግን አልደበቀም። በ1989 ለአንድ ታዋቂ መጽሔት ሕመሙን በግልጽ ተናገረ፤ ሰዎች ዝምታን ትተው እንዲጠነቀቁና የታመመውን እንዳይገፉ የሚያስተምሩ ፖስተሮችን ሠራ። በዚያው ዓመት፥ ከሞቱ በኋላ ሥራው እንዲቀጥል፥ ልጆችን የሚረዱና ኤድስን የሚዋጉ ማኅበራትን የሚደግፍ አንድ ድርጅት በስሙ አቋቋመ።

ዕድሜው እያጠረ መሄዱን ሲያውቅ ሥራውን አላቀዘቀዘም። በጁን 1989 በኢጣልያ አገር በፒሳ ከተማ፥ በቅዱስ አንቶንዮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ትልቅ ግድግዳ ላይ ቱቶሞንዶ፥ ማለት ዓለም በሞላ፥ የተባለውን ሥዕል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሣለ። በላዩም 30 ምስሎች በሰላም ተጋጥመው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው ሕፃን የታቀፈች እናት አለች፤ እባብን የሚቈርጥ በሁለት ሰዎች የተሠራ መቀስም አለ። ቀጥሎ በ1990 አይኮንስ በሚባሉት አምስት የኅትመት ሥዕሎች፥ ከነዚህም አንዱ በባቡር ጣቢያ የጀመረው ያ ጨረር የሚረጨው ሕፃን ነው፥ የዐሥር ዓመት ምልክቶቹን ሰበሰበ። ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ አንዱም ከነሐስ የሚቀረጽ የክርስቶስን ሕይወት የሚያሳይ የመንበር ሥዕል ነበር።

ኪት ሄሪንግ በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1990፥ ማለት የካቲት 9 ቀን 1982 ዓ.ም.፥ በኒውዮርክ ዐረፈ። ዕድሜው 31 ዓመት ብቻ ነበር። ሠዓሊ ሆኖ በሕዝብ ፊት የቈየው ዐሥር ዓመት ያህል ሲሆን፥ ከ1982 እስከ 1989 ባለው ጊዜ ብቻ በልዩ ልዩ አገሮች ከ50 የሚበልጡ የአደባባይ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ለሆስፒታሎች፥ ለሕፃናት ማሳደጊያዎችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ሥራዎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። እነዚያ ያለ ዋጋ የተሰጡት የጠመኔ ሥዕሎች በጨረታ ሲሸጡ ዋጋቸው እጅግ ብዙ ነው። ለዚህ ሐሳብ መልስ ልንሰጥ አንችልም። ነገር ግን ጨረር የሚረጨው ሕፃን በአንድ ሀብታም ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል፥ በዚያው ሰዓት በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች በካናቴራቸው ላይ ለብሰውት ይሮጣሉ። ኅትመት የዋለው ውለታ ይህ ነው።

አንባቢዎቻችን እንዳይሳሳቱን፥ እኛ ይህን የጻፍነው ጓደኞቻችን በሰው አጥርና በመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲሥሉ ለማነሣሣት አይደለም። የርእሰ መምህራችንን ቍጣ እንፈራለን፤ የዘበኛችንንም ድካም እናውቃለን። ኪት ራሱ ጥፋቱን በመቀጮ ከፍሏል። ልንል የፈለግነው ሌላ ነው። እርሱ መሣሪያ አጣሁ፥ ሸራ አጣሁ፥ አዳራሽ አጣሁ ብሎ አልተቀመጠም። ሰዎች በየቀኑ እያዩ የሚያልፉትን ባዶ ጥቁር ወረቀት አየ፤ በጥቂት ሳንቲም ጠመኔ ገዛ፤ ሥራውን ጀመረ። በከተማችንም በለገሐርና በመጋላ፥ በዳቻቱ ዳርና በከዚራ ዛፎች ሥር፥ የሚሥቅና የሚያዝን፥ የሚሸከምና የሚጨፍር ሰው ሞልቷል። ይህን ሁሉ የሚያይ ዐይንና የሚያሠምር እጅ በመካከላችን እንደማይጠፋ እናምናለን።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ምክንያት አንዲት ትንሽ ልመና ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን እናቀርባለን። ከሰሌዳዎቻችን አንዱ፥ በሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል፥ ለሚሥሉ ልጆች ይለቀቅ። ጠመኔውን እኛ እናዋጣለን፤ ሰዓቱ ሲያልቅም ሰሌዳውን ራሳችን እናጠፋለን።